አረፋ የንጽሕና ማስረጃ አይደለም

የተከበራችሁ የስብሰባው ታዳሚዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ ሰርፋክታንት፣ ማለትም እንደ ሳሙና ያለ ዘይትንና ውሃን የሚያስማማ ንጥረ ነገር፣ ቅባትን ከጠጣር ነገር ላይ እንዴት እንደሚያነሣ እንዳስረዳ ጋብዘውኛል። አስረዳለሁ፤ ነገር ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። ዕቃው አልጠራም በተባለ ቁጥር ከአለቆች የሚመጣው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ሳሙና ጨምሩ።

በሠራሁበት አንድ ቦታ የመስታወት ሰሌዳዎች ሙጫ አልይዝ ብለው አስቸገሩ። ኃላፊው መጥቶ ገንዳውን አየ። አረፋው እስከ አፉ ሞልቷል። «ይህ ካላጠራ ምን ያጠራል?» አለና የሳሙናው መጠን በእጥፍ እንዲጨመር አዘዘ። ሙጫው አሁንም ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ በአጣቢዋ ላይ ተላከከ፤ ማስጠንቀቂያም ተጻፈባት። እርሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰሌዳውም በእጅ ሲዳሰስ ሰም ሰም ይላል» ስትል ነበር። ሰሚ አላገኘችም። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ለሰለሰ፤ በፊተኛው የሳሙና መጠን ሽፋኑ ተነሣ። ማስጠንቀቂያው ግን ከማኅደሯ አልተነሣም!

አሁን ወደ መስታወቱ ገጽ ጠጋ እንበል። መስታወት ላይ የተዘረጋ ፈሳሽ ዘይት ሰርፋክታንት ባለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ጠርዙ ነው። የሰርፋክታንቱ ሞለኪውሎች ዘይት ወዳድ ጅራታቸውን ወደ ዘይቱ፣ ውሃ ወዳድ ራሳቸውን ወደ ውሃው አድርገው በድንበሩ ላይ ይደረደራሉ። በዘይቱና በውሃው መካከል ያለው ውጥረት፣ ማለትም ድንበሩ እንዲሰበሰብ የሚስበው ኃይል፣ ይወርዳል፤ ውሃውም በጠርዙ ሥር ሰርጎ ይገባል። ጠፍጣፋው ሽፋን ይሰበሰባል፣ ጉብ ይላል፣ ወገቡ ይቀጥናል፤ ውሃው ሲንቀሳቀስ ጠብታ ሆኖ ይላቀቃል። አልካላይን በሆነ ውሃ ውስጥ መስታወቱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለው፤ አሉታዊ ሰርፋክታንት የለበሰው ጠብታም እንዲሁ። ስለዚህ ይገፋፋሉ፤ ዘይቱ ተመልሶ ለመለጠፍ ይቸገራል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አረፋው ምን ሠራ? አረፋ የሚፈጠረው ውሃና አየር በሚገናኙበት ነው፤ ቆሻሻው ያለው ውሃና መስታወት በሚገናኙበት ነው። ለዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሚዘጋጁ ሰርፋክታንቶች ሆን ተብሎ አረፋቸው አነስተኛ እንዲሆን ይደረጋል፤ ምክንያቱም አረፋ የውሃውን ምት ያደክማል።

መጨመርም ልክ አለው። ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የገጽ ውጥረቱ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ነው። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የተባለውን ሰርፋክታንት ስንጨምርበት ይወርዳል፤ በሊትር 2.3 ግራም ገደማ ስንደርስ ግን መውረዱ ያቆማል ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ የምንጨምረው ሚሴል፣ ማለትም ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ያደረጉ ሞለኪውሎች ጥቃቅን ስብስብ፣ ይሠራል። ሚሴል ጥቂት ዘይት በውስጡ አሟሙቶ እንደሚይዝ አልክድም፤ የደረቀ ሰምን በቀዝቃዛ ውሃ ያነሣል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው።

ጀርመናዊቷ አግነስ ፖከልስ ዩኒቨርሲቲ የመማር ዕድል አላገኘችም። በቤቷ በሠራችው ገንዳ ቅባት የውሃን ገጽ እንዴት እንደሚለውጥ ለካች፤ ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ የላከችው ደብዳቤም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጣ። ሬይሊ ደብዳቤውን አንብቦ ለኅትመት አሳለፈው። የእኛዋ አጣቢ ግን የምትለውን የጻፈላት እንኳ አልነበረም!

ስለ ካልሲየም የበዛበት ውሃ በአጭሩ ልናገር፦ ካልሲየም ሳሙናን ወደማይሟሟ ዝቃጭ ይለውጣል፤ ስለዚህ ውሃውን ማለስለስ ይቀድማል።

የምጠይቀው በመቀበያ ቅጾቻችን ላይ «የአረፋ መጠን» የሚለው ዓምድ እንዲሰረዝ ነው። በምትኩ ሰሌዳው በንጹሕ ውሃ በሚገባ ይለቅለቅና ተቁሞ ይታይ፤ ውሃው ወጥ ሆኖ ለበሰው ወይስ ቅባት ቀርቶበት ተቆራረጠ? ማለቅለቁ አይዘለል፤ የቀረ ሰርፋክታንት ውሃውን ዘርግቶ ቆሻሻውን ሰሌዳ ንጹሕ ሊያስመስለው ይችላል። ውጤቱንም ያጠበችው ሠራተኛ በገዛ እጇ ትጻፍ፤ ከጎኑ ያየችውን የምትገልጽበት ቦታ ይተውላት።

አመሰግናለሁ።