ከስድስት ወር በኋላ ቅባቱ ይበላል

የተከበራችሁ እናቶች፣ አያቶች፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ። በዚህ የታኅሣሥ ብርድ ከአዘዞም ከማራኪም ልጅ አዝላችሁ ለዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት መምጣታችሁን አውቃለሁ። ተራችሁ ሲደርስ ንግግሬን ጥላችሁ ብትሄዱ ቅር አይለኝም። ልጅ ቢያለቅስም ለማባበል አትጨነቁ፤ የመጣሁት ስለ እነርሱ ላወራ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። በእነዚህ ዓመታት የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ለልጁ ሽሮፕ የሚገዛ ሰው ይጠይቃል፦ ስንት ማንኪያ? በቀን ስንት ጊዜ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ያው ሰው ሎሽን ሲገዛ ግን ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል። ሽታው ደስ ካለው ይከፍላል፤ ካላለው ሌላውን ከፍቶ ያሸታል። ጠርሙሱን አዙሮ ጀርባውን ያነበበ ደንበኛ ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃኛል።

ይህ ለአራስም ቢሆን ስህተት ነው። ዛሬ ለታቀፋችኋቸው ልጆች ግን ይብሳል። አራስ ባስቀመጡት ቦታ ይገኛል። የዘጠኝ ወር ልጅ ይድሃል፣ ይዞ ይቆማል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ተመለከትኩት። ገላውን ታጥቦ ተቀብቶ ነበር፤ ክንዱ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ ጎረሰ። ከዚያ በጀርባው ተጋድሞ ግራ እግሩን በሁለት እጁ ያዘና አውራ ጣቱን መጥባት ጀመረ። እናቱ ቁራሽ እንጀራ ሰጠችው፤ በተቀባ መዳፉ ጨምቆ፣ አሽቶ በላው። እጁ ወደ አፉ የሄደበትን ጊዜ እቆጥር ነበር፤ ሃያ ላይ ስደርስ ተውኩት።

ስለዚህ አሁን የምናወራው ስለሚቀባ ነገር ብቻ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ቅባቱ ይበላል።

በቆዳውም በኩል ቢሆን የሕፃን ልጅ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከእኛ በሲሶ ገደማ ይሳሳል። የቆዳው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ደግሞ ወደ አዋቂው እጥፍ ይጠጋል። እኔ ክንዴን ብቀባ ለእኔ ጥቂት የሆነው መጠን ለእርሱ ብዙ ነው። ዳይፐር ውስጥ ያለው ቆዳማ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ርጥብ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ይፋተጋል፣ የተቀባውም ተሸፍኖ ይውላል፤ ስለዚህ የበለጠ ይመጥጣል።

አሁን ይህን ጠርሙስ ተመልከቱ። ከፊት ለፊቱ የሚስቅ ሕፃን ፎቶ አለ። ከሥሩ «ለስላሳ»፣ «አለርጂ የማያስነሳ»፣ «በቆዳ ሐኪም የተፈተነ» ይላል። አሜሪካን በመሰለ ትልቅ ገበያ እንኳ «አለርጂ የማያስነሳ» ለሚለው አባባል በሕግ የተቀመጠ መለኪያ የለም፤ አምራቹ እንደፈቀደው ይጽፈዋል። ሕፃኑም የሚስቀው ፎቶ ስለሚነሳ ነው እንጂ ሎሽኑ ተስማምቶት አይደለም። እውነቱ ያለው በጀርባው፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል በተጻፈው ላይ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ቤት ውስጥ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ፊደል በፊደል ያነብላችኋል፤ ትርጉሙን ለእኛ ተዉት።

ዝርዝሩ ቅደም ተከተል አለው። በብዛት የገባው ቀድሞ ይጻፋል፣ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። በሎሽን ላይ የመጀመሪያው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። አዎ፣ ከከፈላችሁት ብር አብዛኛው ለውሃ ነው። ውሃ ባለበት ደግሞ ሻጋታና ባክቴሪያ ይበቅላል። ወጥ ሦስት ቀን በማይቆይበት ዓለም ሎሽን ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ይፈለጋልና ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታል። ማቆያ ሁሉ መርዝ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ማቆያ የሌለው ውሃማ ሎሽን ጀርም ማራቢያ ነው፤ እርሱን ልጅ ላይ ከመቀባት ማቆያ ያለውን እመርጣለሁ። ጥያቄው የትኛው ማቆያ፣ ስንት፣ የት ቦታ የሚለው ነው።

ፓራበን የሚባሉትን እንውሰድ። ሜቲልፓራበን በአውሮፓ ሕግ እስከ 0.4 በመቶ ይፈቀዳል፤ ብዙም አያስጨንቀኝም። ፕሮፒልፓራበንና ቡቲልፓራበን ግን ሌላ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በዳይፐር አካባቢ ተቀብተው በሚቆዩ ምርቶች ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏቸዋል። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል ረጅም ስም ያለው ደግሞ አለ። ይህ በብዙ አገር የቆዳ አለርጂ ስላባባሰ ተቀብቶ ከሚቆይ ምርት እንዲወጣ በአውሮፓ በ2017 ተከልክሏል። ስሙን መያዝ ካቃታችሁ መጨረሻው «ቲያዞሊኖን» የሚለውን ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ጠርሙሱን መልሱ።

ፌኖክሲኤታኖል በተባለው ማቆያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከፍተኛው የተፈቀደ መጠን 1 በመቶ ነው፤ በዚያ መጠን በቆዳ ላይ ሲቀባ አብዛኞቹ ባለሙያዎች አይቃወሙትም። ነገር ግን በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ስለ አንድ የጡት ጫፍ ክሬም ለእናቶች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ክሬሙ ፌኖክሲኤታኖልና ክሎርፌኔሲን የተባሉ ነገሮች ነበሩበት፤ ሕፃኑ ሲጠባ ቢውጣቸው ሊያስመልሱት፣ አተነፋፈሱንም ሊያዳክሙ ይችላሉ ተባለ። እዚህ ላይ ቆዳው አይደለም ችግሩ፤ አፉ ነው። ለእናት ጡት የተቀባው ክሬም የልጅ ምግብ ሆነ። ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ አውራ ጣት የነገርኳችሁ። እጁንና እግሩን የምትቀቡበትን ነገር ስትመርጡ ጀርባውን ከምትቀቡበት ይልቅ አጥብቃችሁ ምረጡ።

ሽቶ። ጀርባው ላይ «ፓርፈም» ወይም «ፍሬግራንስ» ተብሎ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ ከዚያ ቃል ኋላ ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ለልጁ ቆዳ ምንም አይሠሩለትም፤ የሚሠሩት ለእኛ አፍንጫ ነው። የሕፃን ጠረንን የሚያክል ሽቶ የሠራ ፋብሪካ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ከባድ የሚሆነው እኔም ስላለሁበት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት አያት «ያችን ትንሿን ቱቦ ስጭኝ፤ ለሽፍታ ጥሩ ናት» አሉኝ። ሐኪም አዞላቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቱቦዋ ውስጥ ያለው ክሎቤታሶል ነበር፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ ሽፍታን ከሚያጠፉ የሆርሞን ቅባቶች ሁሉ እጅግ ብርቱ የሚባለው። ሸጥኩላቸው። ሌላም ሌላም ጊዜ መጥተው ወሰዱ፤ ከቫዝሊን ጋር እየቀላቀሉ ልጁን ከአንገቱ እስከ እግሩ ይቀቡት ነበር፤ ሽፍታው ጠፍቷልና ተደስተው ነበር። ከወራት በኋላ ልጁን ይዘውት ሲመጡ ጉንጩ አብጦ፣ ግንባሩ ላይ ጸጉር በቅሎ፣ የጭኑ ቆዳ ሳስቶ ደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። «ወፈረልኝ» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ከባንኮኒው ኋላ መቆም አቃተኝ። ልጁ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቅባቱ ቀስ በቀስ እንዲቀነስለት ተደረገ። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ራሱ አደጋ ነው፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት አቁሟልና። ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቱቦ በየቀኑ ለልጅ የምትቀቡ ካላችሁ ነገ አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በ2021 መጀመሪያ በቻይና ለሕፃናት ተብሎ የተሸጠ አንድ ክሬም ተመርምሮ ክሎቤታሶል ተገኘበት። ጀርባው ላይ አልተጻፈም ነበር። የተቀባው ልጅ ፊቱ አብጦ ጸጉር በቅሎበት ነበር፤ ልክ እኔ እንዳየሁት ልጅ። ስለዚህ ሽፍታን በሁለት ቀን ድራሹን የሚያጠፋ «የተፈጥሮ» ክሬም ሲያጋጥማችሁ ከመደሰት ይልቅ ተጠራጠሩ። ሐኪም ለችፌ ብሎ ደካማውን ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኮርቲዞንን፣ ለተወሰነ ቀን ቢያዝ ግን አትፍሩት፤ በቀኑ ልክ ተጠቀሙበት።

እናቶች ራሳችሁ የምትቀቡት ቆዳ የሚያቀላ ክሬምም የልጁ ጉዳይ ነው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ከእናት ጉንጭ ወደ ልጅ መዳፍ፣ ከትራሱ ወደ ልጅ አፍ ይሄዳል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅሊያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረት ወስኗል፤ ገበያ ላይ ግን አልጠፋም። ካሎሜል የሚል ቃል ካያችሁ ሜርኩሪ ነው። ጀርባው ላይ ምንም ካልተጻፈበት ደግሞ የባሰ ነው።

ፓውደር በአጭሩ፦ አያስፈልግም። ልጁ ብናኙን ወደ ሳንባው ይስበዋል። በ1972 በፈረንሳይ አንድ የሕፃናት ፓውደር በስህተት ሄክሳክሎሮፌን የተባለ ኬሚካል በብዛት ገብቶበት 36 ልጆች ሞተዋል። ካምፎር ያለባቸውን የጉንፋን ቅባቶችም ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ አትጠቀሙ፤ ቢውጠው ያንቀጠቅጠዋል።

እማማዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልመጣ ነውና አትቆጡኝ። እኔም በለጋ ቅቤ ተቀብቼ፣ በረንዳ ላይ የጠዋት ፀሐይ ሞቄ ያደግሁ ነኝ። ቅቤ ግን ወተት ነው። የልጅ ቆዳ ሲሰነጣጠቅ ወይም ችፌ ሲይዘው ምግብ በዚያ በኩል ከገባ ሰውነት እንደ ጠላት ሊቆጥረው ይችላል፤ በአፍ ሲገባ ግን ይለምደዋል። በ2003 በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት የለውዝ ዘይት ያለበት ቅባት የተቀቡ ሕፃናት ለለውዝ አለርጂ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቅቤ፣ ለውዝ፣ የአልሞንድ ዘይት፤ እነዚህ ከስድስት ወር በኋላ እንደየአቅማቸው በሳህን ቢመጡ ይሻላል። የወይራ ዘይትም እንደሚወራለት አይደለም፤ የቆዳን መከላከያ ሽፋን ያዳክማል። ጤና አዳም ቀጥቅጦ ከቅቤ ጋር ቀብቶ ፀሐይ ማሞቅ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐያችንም ቆዳን ከቆላ ፀሐይ ይልቅ ታቃጥላለች።

እንግዲያ ምን ይቀባ? ብዙ ጊዜ ምንም። በእንግሊዝ 1,394 አራስ ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2020 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ጤናማ ቆዳን በየቀኑ ማለስለሻ መቀባት ችፌን እንደማይከላከል አሳይቷል። በእኛ የኅዳርና የጥር ነፋስ ቆዳው ሲደርቅ ግን ተራ ቫዝሊን ይበቃል። ከ1872 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ውሃ ስለሌለበት ማቆያም አያሻውም። ጀርባው ላይ «ፔትሮላተም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበትን ምረጡ፤ ለሕፃን ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሽቶ ይጨመርበታል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ገላውን ካጠባችሁት በኋላ በፎጣ ሳታሹ አድርቁት፤ ቆዳው ገና ርጥበት እያለው በስሱ ቀቡት። ከዕቃው በጣት አትዝቁ፤ ንጹሕ ማንኪያ ይኑረው። አዲስ ነገር ከሆነ መጀመሪያ ክርኑ ውስጥ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ሽፍታው ውሃ ካዘለ፣ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ ልጁን ካተኮሰው ወይም እንቅልፍ ከነሳው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ኑ።

ከፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ማጉያ መነጽር አስቀምጫለሁ። ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ሎሽን አውጡና ተሰለፉ፤ አንድ በአንድ እናነባለን። ከሌላ ዕቃ የተገለበጠና ጽሑፉ የተላጠ ጠርሙስ የያዛችሁ ቅደሙ።