የእምዬ ክረምት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከጀርባዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ግን ሐምሌ ነው፣ መቼ ያባራል? ደግሞም ዛሬ የማወራው ስለ ክረምት ነው። ይሁን፣ አብሮን ይቀመጥ።

ስለ አያቴ ነው የማወራው። እኛ እምዬ ነው የምንላት። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ነው ያለችው። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ እሷ እላክ ነበር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በጣርማ በር አድርገን፣ በጓሳ በኩል ወደ መሐል ሜዳ። የጓሳ ከፍታ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል። ሾፌሩ በቀን መብራት ያበራል። እኔ መስታወቱን በእጄ እየጠረግሁ ጭላዳ ዝንጀሮ እፈልጋለሁ።

ለእኛ ለከተማ ልጆች ክረምት ማለት እረፍት ነበር። ደብተር ይቀመጣል፣ በቃ። ለእምዬ ግን የዓመቱ ከባዱ ሥራ ነው። ሥራው ደግሞ ከእሳት ይጀምራል።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሳለች። ጨለማ ነው። እኔ ባና ተጠቅልዬ አያታለሁ። ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። ማታ ያዳፈነችውን አመድ በእንጨት ቀስ አድርጋ ትገልጠዋለች። ላዩ ግራጫ ነው፣ ያለቀለት ይመስላል። ትንሽ ዝቅ ስትል ግን አንዲት ፍም አለች፣ አውራ ጣት የምታክል፣ ቀይ። እሷ ላይ የኩበት ፍርፋሪ ታደርጋለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ትንሽ ዘወር አድርጋ እፍ ትላለች። አንዴ። ሁለቴ። ጭሱ ይቀድማል። ሦስተኛው ላይ ቦግ ይላል፣ ያኔ ፊቷ ይታየኛል።

እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የበለጠ የሚያረጋጋኝ ነገር አላየሁም።

እምዬ እሳት ጠፍቶባት ጎረቤት ልትጫር ስትሄድ አላስታውስም። ጎረቤቶች ግን እሷ ጋ ይመጡ ነበር። ጥዋት ጥዋት አንዷ ገል ይዛ በር ላይ ትቆማለች። «እትዬ፣ እሳት ልጫር» ትላለች። እምዬ ፍም ትሰጣታለች፣ ላዩ ላይ ደግሞ አንድ ደረቅ ኩበት ትመርቅላታለች። ክረምት ላይ ደረቅ ኩበት መስጠት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መንዝ ብርድ እንጂ እንጨት አልበዛለትም። ኩበቱ የሚሠራው በበጋ ነው። እበቱን ከጭድ ጋር ትለውሰዋለች፣ ትጠፈጥፈዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ሲደርቅ ትከምረዋለች። ዝናብ እንዳያስገባ ደግሞ የክምሩን ውጪ እንደ ቤት ግድግዳ በእበት ትለስነዋለች። ከጥር ጀምራ እጇ ላይ ያለው ሥራ የሐምሌ እሳት ነው ማለት ነው። ይሄን ያሰብኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

አሁን ስለ ምስሩ ልንገራችሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ይመስለኛል። የዚያን ዓመት በልግ ቀርቶ ነበር። ለማታውቁት፣ መንዝ ሁለት ዝናብ አለ። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው በልግ ነው። በልግ ከሠመረ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ገብስ ይታጨዳል፣ ክረምቱን ያሻግራል። በልግ ከቀረ ግን ያለው የአምናው ብቻ ነው። አዲሱ ገና መሬት ውስጥ ነው። ደሙ እየተመጠጠ የሚሄድ ጎተራ አይቼ አውቃለሁ፣ እምዬ በጣሳ ስትሰፍር ታቹን ስትነካ ያለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥዋት ቆሎ፣ ማታ ቂጣ በጎመን። በማግስቱም ጎመን። ከጓዳ ጥግ ላይ ግን አንድ ጎታ አለ፣ አፉ በእበት የታሸገ። ዙሪያውን ስዞር ጫፉ ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። ጣቴን ሰደድኩ። አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ምስር አለ! ሮጬ ሄድኩ። «እምዬ፣ እህል አለ እኮ! ምስር አለ! ለምን አንሠራውም?»

አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ጣቴ ላይ ያለውን አመድ በቀሚሷ ጠረገችልኝ። «እሱ እህል አይደለም» አለችኝ፣ «ዘር ነው።»

አልገባኝም። ለእኔ ምስር ምስር ነው። አመዱን ከእሳቱ ያወጣችው ራሷ ናት፣ ነቀዝ እንዳይበላው ነው የለወሰችው። ያን ሁሉ ጎመን እየበላን፣ እሷ ከእኔ ያነሰ እየበላች፣ ጎታው ታሽጎ ሰነበተ። ከዚያ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ያለ ቀን እበቱን ፈነቀለችው። ወንዱ አያቴ ተሸክሞ ወደ ማሳ ወሰደው። ስትከፍተው አጠገቧ ነበርኩ። ማንም ሳያያት አንዲት ፍሬ ከመሬት አንስታ ወደ ቁናው መለሰቻት። አንዲት ፍሬ።

ሌላው ሥራ ሌላ ነው። አረም አለ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ። በጎቹን ከጉም ውስጥ በድምፅ መፈለግ አለ። ቤቱ ሲያፈስ ከሥሩ እንስራ መደቀን አለ። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ያ ሣር ዝም ብሎ አይታጨድም። ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት ሥርዓት አበጅቶ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ብቻ ይታጨዳል። እረኞች የሚደርቡት ገሳም ከሣር ነው። እኔም አንድ ነበረኝ፣ እርጥብ ሲሆን ከእኔ ይከብዳል።

ማታ ደግሞ ፈትል አለ። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅም ነው። እሷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ባና ይሠራዋል። እሳቱ ዳር እንዝርቷ ሲሾር እያየሁ እተኛለሁ። ነቅቼ ሳይ አሁንም እየሾረ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይያዛል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ሙልሙል ትጋግርልናለች። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ትላለች። እኔ አምናት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ዝናቡ ገና ነው፣ አዝመራውም ገና ነው። ብርዱ ራሱ ከዝናቡ በኋላ ነው የሚብሰው። ውርጩ የሚወርደው ሰማዩ ሲጠራ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው እኮ በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ያን ቃል የምትለው ለእኛ ለልጆቹ ነበር ማለት ነው። ተስፋ እንድናደርግ።

ወንዱ አያቴ ካረፈ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ማረም ትችላለች፣ ማጨድ ትችላለች፣ መውቃት ትችላለች፣ ዘር ትመርጣለች። በሬ ጠምዳ ማረስ ግን ነውር ነው። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ከምርቱ ግማሹ የእሱ ነው። ሰውየው ደግ ሰው ነው፣ በእሱ አልከፋም። የሚከፋኝ ስሌቱ ነው። እሷ የምትሠራው አልቀነሰም፣ ከጎተራዋ ግን ግማሹ ሄደ።

አንድ ጊዜ ለሆነ ጉዳይ አንድ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። የሚሞላ ቅጽ ነበር። ጸሐፊው ልጅ ነው፣ ትሁት ነው። «ሥራዎት ምንድን ነው እማማ?» አላት። «እርሻ ነዋ» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። አየሁት፣ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ እኮ በእጇ ነበር፣ ስሟም ፎቶዋም ከአያቴ ጋር ጎን ለጎን አለበት። ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

መንገድ ላይ ነገርኳት፣ እንዲህ ብሎ ጻፈሽ አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች ትንሽ ሄደች። «እመቤትስ ነኝ» አለች። «ግን ቤቴ የት ላይ ነው የሚያልቀው?»

ምን ልመልስ? በር ላይ ነው ልበላት? በጎቹ የሚያድሩት ቤት ውስጥ ነው። ዘሩ የሚያድረው ጓዳ ነው። የማሳው ምስር ነቀዝ ያልበላው በምድጃዋ አመድ ነው።

ትናንት ማታ ደወልኩላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ ግን ድምጿ ደህና ነው። ዝናቡ እንዴት ነው አልኳት። «ተመስገን፣ ጥሩ ይዟል» አለች። የምስሩን ዘር ለአራሹ ሰጠሽው ወይ አልኳት።

«ግማሹን ሰጠሁት።»

«ግማሹን? ሌላውስ?»

«ጎታ ውስጥ ነው። በረዶ ቢመታውስ ልጄ?» አለች። «ምን ልንዘራ ነው?»

ብቻዋን ናት እኮ። ሰማንያ አልፏታል። የምትበላውን እልክላታለሁ። እሷ ግን ያልመጣ በረዶ ታስባለች። ልመልስላት ስል ቀደመችኝ።

«በል የኔ ጌታ፣ ካርድህን አትጨርስ። እሳቱን ላዳፍን» አለችኝና ዘጋችው።