ካርታውን አሳዩን
(በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በዕቁባችን ዓመታዊ የራት ግብዣ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ ዳኛችን፣ ጸሐፊያችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዚህ ምሽት በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ቤት ገዝቶ ማከራየት ለጀማሪዎች» የሚል ነው። ስለ ኪራይ ገቢ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሰፈር ምርጫ እንድናገር በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል። ጊዜ ከተረፈ እደርስበታለሁ። እኔ የመጣሁት ግን በዚሁ አዳራሽ ገና ሳይሠሩ ስለተሸጡልን የአዲስ አበባ ቤቶች ለመናገር ነው። ታስታውሳላችሁ፤ የቤቶቹ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ «ዛሬ ለሚፈርም ልዩ ቅናሽ» ሲባል አመሸ። ስንታችን ፈረምን? እጅ አታውጡ፤ እኔም ስም አልጠራም።

ክረምቱን አገር ቤት ስለነበርኩ የፈረሙት አባላት «እግረ መንገድሽን ቦታውን እይልን» አሉኝ። ከአያት አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሥዕሉ ላይ የመዋኛ ገንዳ ነበረ። እውነትም ውሃ አገኘሁ፤ ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ የሐምሌ ዝናብ ሞልቶበታል። የቆሙት ብረቶች ዝገዋል፤ ዘበኛው ሸሚዙንና ካልሲውን አስጥቶባቸዋል። በአጥሩ ጥግ ጎመን ተክሏል፤ እውነት ለመናገር ደህና ጎመን ነው። «እትዬ፣ እርስዎም ገዢ ነዎት?» አለኝ። ገዢዎቹ ልከውኝ ነው አልኩት። «ይግቡ፣ ሁሉም እየመጣ ያያል» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። ሠራተኞቹ መቼ ይመለሳሉ ብዬ ብጠይቀው «ሲሚንቶ ሲመጣ» አለ። ሲሚንቶውስ መቼ ይመጣል ብዬ ብጠይቀው ዝም ብሎኝ ጎመኑን ሊያርም ሄደ።

ከዚያ ቦሌ ወዳለው የሽያጭ ቢሮ ሄድኩ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ቅጂ፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ ቦታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ጠየቅሁ። ሽያጭ ላይ ያለው ልጅ ደነገጠ። «እትዬ፣ አያምኑንም እንዴ? ያስተዋወቀን እኮ የራሳችሁ ሰው ነው» አለኝ።

የራሳችን ሰው! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ ቤት ስንገዛ እንዲህ አናደርግም። ለመርማሪ ከፍለን ጣሪያውንና ምድር ቤቱን እናስፈትሻለን። ቀብዱ ሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጣል እንጂ ሻጩ ኪስ አይገባም። የባለቤትነት ሰነዱ ተመርምሮ ዕዳ እንደሌለበት ሳናውቅ ቁልፍ አንረከብም። ሻጩም አይቀየመንም። አገር ቤት ሲሆን ግን ካርታ መጠየቅ የአገር ልጅን መጠርጠር ሆነ፤ ነውር ሆነ። ማን ነው ነውር ያደረገው? ካርታውን ማሳየት የማይፈልገው ነው!

ውሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ገዢ ክፍያ ካዘገየ ይቀጣል፤ ከቆየበትም ውሉ ይፈርስበታል። ሻጭ ካዘገየስ? «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የምትል ሐረግ አለች፤ የሲሚንቶ እጥረት፣ የብረት ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ገብቷል። ዋጋው በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ይከፈላል ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ገቢ በዶላር ስለሆነ ብዙም አልተሰማንም። ይህንኑ ውል ፈርሞ በብር ደመወዝ የሚከፍለው መምህር ግን ምን ይዋጠው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት ይመዝገብ ይላል። ከቡናው ሲኒ አጠገብ የፈረማችሁት ወረቀት ምን እንደሚያወጣ ጠበቃ ጠይቁ። ቦታው ቀድሞ በባንክ መያዣነት ተመዝግቦ ከሆነ፣ ባንኩ ይቀድማችኋል።

አሁን የምትቀየሙኝን ልናገር። ሻጮቹን ያመጡልን ሰዎች በየፈራሚው ኮሚሽን ተከፍሏቸዋል። ድለላ ሥራ ነው፤ ደላላም ይብላ። ነገር ግን ደላላ ከሆንክ ደላላ ነኝ በል! አብሮ አደጌ፣ የክርስትና ልጄ አባት እያልክ አታስፈርመን! ይህ ገንዘብ በአየር ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ላይ፣ በበረዶ፣ እግር እስኪደነዝዝ ቆመን ያገኘነው ነው። አንተም አብረኸን ቆመሃል፤ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ!

ወደ ኮሚቴው ወረቀት ልመለስ። ኪራይን በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል፤ የጭማሪውንም መጠን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ሒሳባችሁን በዚያ ሥሩ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማት አዋጅ ጸድቋል፤ ሳትፈርሙ አንብቡት። ሰፈር ስትመርጡ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቁ።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የዕዳ ማጣሪያውን ከሳምንት በፊት ለጸሐፊያችን ያላስገባ ሻጭ ይህ አዳራሽ አይፈቀድለት። ኮሚሽን የሚቀበል አባል ደግሞ ተነሥቶ፣ ስንት እንደሚቀበል በአደባባይ ይናገር። ዳኛችን፣ ድምፅ ከራት በፊት ይሰጥልን። ከራት በኋላ ከሆነማ ሁላችሁም ትስማማላችሁ፤ ማክሰኞ ግን የሚያስታውሰው አይኖርም።