ጋቢውም ርክክብ ይፈልጋል

አዳማ ውስጥ ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች፣ በዝውውሩ ዋዜማ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቻችንና አባቶቻችን እራት ላይ ናቸው፤ እነሱ እስኪጨርሱ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ።

ከዓመታት በፊት ሌላ ቤት ስሠራ፣ እንደ ነገው ግቢ ለቀን ነበር። አንዲት እናት ትራስ ሥር የተቋጠረ መሐረብ አገኘሁ። ፈታሁት፤ በጥቁር ክር የታሰረ የዛገ ቁልፍ ነው። ቤታቸው ከፈረሰ ቆይቷል፣ ያንን አውቃለሁ። «ምን ያደርግላቸዋል» አልኩና ከባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። አዲሱ ክፍል ገብተው ገና ሳይቀመጡ እጃቸው ትራሱ ሥር ገባ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም እኮ፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአልጋውና ለፍሪጁ አላስብም። ለእነሱ ንብረት ክፍል አለላቸው፤ ሲገቡ ሞዴል 19፣ ሲወጡ ሞዴል 22 ይሞላላቸዋል። አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ቢጎድል ኦዲተር ይጠይቃል። የአባባ መነጽር ሲጠፋስ ማን ይጠይቃል? «ረስተውት ነው፣ ራሳቸው የሆነ ቦታ ሸጉጠውት ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ይቺን አባባል አልወዳትም። አንዳንዴ እውነት ናት፤ ብዙ ጊዜ ግን የእኛ መሸሸጊያ ናት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ አደራን እንደ ውል ቆጥሮ ደንግጎታል፤ የሰው ዕቃ የተቀበለ ይጠብቃል፣ ይመልሳል።

ነገ ጓዝ ስንሰበስብ ባለቤቱ አጠገባችን ይቀመጡ። እያነሳን «ይሄስ?» እንበላቸው። መናገር ላቃታቸው ቤተሰብ፣ ቤተሰብ ከሌለ ክፍል የሚጋራቸው ይቁምላቸው። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ይጽፋል። «አንድ ፌስታል ልብስ» የሚባል ጽሑፍ ማየት አልፈልግም፤ «ሰማያዊ ሹራብ፣ ክርኑ የተጠገነ» በሉ። ቀለበት ከሆነ «ቢጫ ቀለበት» ነው የሚጻፈው፤ ወርቅ መሆኑን እኛ አልመዘንም። ብር ፊታቸው ይቆጠራል።

ባለፈው ስም በፕላስተር ለጥፈን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ከቀትር በፊት አላቀቀው፤ አራት ማዳበሪያ ባለቤት አጣ። አሁን በጨርቅ ላይ ጽፈን እንሰፋዋለን። መርፌና ክር ገዝቻለሁ።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ከዘራ፣ የፋይዳ መታወቂያና የባንክ ደብተር ጭነት ላይ አይወጡም፤ ከባለቤታቸው አይለዩም። ጥርስ በሶፍት አትጠቅልሉ፤ የተጠቀለለ ሶፍት ያየ ሁሉ ይጥለዋል። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይግባ። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረዶ ከነካውና ከረጋ ደግሞ ይበላሻል። እሱን እኔ ራሴ እይዘዋለሁ።

ፎቶ በቤቱ ስልክ ብቻ ይነሳ። የሰው ጓዳ ቲክቶክ ላይ እንዳላይ።

ተባይ አለ ብላችሁ ስለ አሮጌ ጨርቅ ያነሳችሁት ልክ ነው። አስፈቅዶ ማጠብ ይቻላል፤ መጣል ግን አይቻልም። የክፍል 5 አባት ጋቢ ጫፉ ነትቧል፣ አይቻለሁ። ድሩንም ማጉንም የፈተሉት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፣ ለብቻው ይታጠብ።

ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ኮፒ ይሞላል፣ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጣል። እዚያ ስንደርስም ከቅጹ ጋር እያመሳከርን ነው የምናስረክበው፤ ፊርማ ወይም አሻራ ሳይኖር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። መኪናው ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል፤ እኛ 12 ሰዓት ተኩል እንገናኝ። ከክፍል 3 እንጀምር፤ እዚያ ያሉት እናት ከአሁኑ ሁሉን ቋጥረው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።