ሲኖ ትራክ፣ ሐረጎ እና የጨጓራ ቀዶ ጥገና

እንዴት ናችሁ የደሴ ልጆች፣ የኮምቦልቻ ልጆች፣ በስደትም ያላችሁ! ዛሬ ስለ ጨጓራ ካንሰር ቀዶ ጥገና ነው የማወራው። አብሽሩ፣ ደም አላሳያችሁም። ከቢላው በፊት ስለሚመጣው ሚዛን፣ በሽተኛው በምግብ እጥረት ተጎድቶ እንደሆነ ስለማየት ነው።

ወንድሜ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ ሲኖ ትራክ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ሐረጎን፣ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ከመያዙ በፊት ይቆማል። ለምን? ሻይ ለመጠጣት፣ እሱስ አይካድም። ግን ረዳቱም ይወርዳል። ጎማውን በብረት መታ መታ ያደርጋል፣ የራዲያተሩን ውሃ ያያል፣ ነዳጁን ያያል። ሜዳ ላይ ነዳጅ ቢያልቅ ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቢያልቅስ? ከኋላህ አይሱዙ፣ ከጎንህ ገደል! ረዳቱ ድንጋይ አቅፎ ጎማ ስር ሊወትፍ ይሮጣል። ወንድሜ ይህን ሲያወራ ላቡ ይመጣል፤ አንድ ቀን እዚህ ቻናል ላይ አቀርበዋለሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁ።

እና ቀዶ ጥገናው ሐረጎ ነው። ሰውነት ቁስል ይጠግናል፣ ኢንፌክሽን ይዋጋል፣ የተሰፋው አንጀት እንዳያፈስ ያጣብቃል፤ ይህን ሁሉ ደግሞ በደንብ ሳይበላ። የጨጓራ ካንሰር ክፋቱ ታንከሩን የሚያጎድለው ገና ሜዳው ላይ ነው፤ ሁለት ጉርሻ ያጠግባል፣ ያስመልሳል፣ የጨጓራው መውጫም ሊዘጋ ይችላል።

ታንከሩ መጉደሉን የምናይበት ምርመራው ምንድን ነው? ቶሎ ቶሎ ልበለው። ለምሳሌ ሰውየው ከስድስት ወር በፊት 60 ኪሎ፣ ዛሬ 53፤ የቀነሰው ሰባት ለስልሳ ሲካፈል፣ ወደ 12 በመቶ። ከ10 በመቶ ካለፈ ከባድ ነው። ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር፣ ከ18.5 በታች ከሆነ እሱም ከባድ ነው። ኤንአርኤስ 2002 የሚባል የምግብ እጥረት ስጋትን የሚለይ መጠይቅ አለ፤ 3 ነጥብ እና ከዚያ በላይ ካመጣችሁ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይጠራል። የእጅ ጭብጥ ጥንካሬ ይለካል፣ ክንድ በሜትር ይለካል። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲንስ? ዳገት ላይ የነዳጅ ጌጅ እንደሚዋሸው አልቡሚንም ይዋሻል፤ ሰውየው እየበላ እንኳ በሰውነቱ ብግነት ካለ ይወርዳል። በዴሲሊትር ደም ከ3 ግራም በታች ከሆነ ቀዶ ጥገናው አደገኛ መሆኑን ይነግረናል እንጂ ምን እንደበላ አይነግረንም። እግሩ ያበጠን ሰው ደግሞ «ተመስገን፣ ወፈረ» አትበሉ፤ ውሃ ነው፣ ሚዛኑንም ያታልላል።

የምግብ እጥረቱ ከባድ ከሆነ የአውሮፓ መመሪያ ለካንሰርም ቢሆን ቀዶ ጥገናውን ከ7 እስከ 14 ቀን አቆይቶ ሰውየውን መመገብ ይመክራል። በአፍ ካልሆነ በቱቦ።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ስር ስንቱ ነው የጻፈው! «ምግብ ካንሰሩን ያፋፋዋል፣ እናቴን እያስራብናት ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። ወገኖቼ፣ አንተ ብትጾም ካንሰሩ አይጾምም! ምግብ ሲያጣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ አፍርሶ ስኳር ይሠራል፤ ካንሰሩ ከዚያው ይቀለባል። የምታከሳው እናትህን ነው። ሌባ መኪናው ላይ ተሳፈረ ብለህ ነዳጁን ታፈሳለህ? ሌባውን የሚያወርደው ሐኪሙ ነው፤ እሱም ደሴ የሚደርስ መኪና ይፈልጋል።

ጾም ላይ ናት ያላችሁም አላችሁ። ወሎ ነን፣ ጾሙም ረመዳኑም የእኛው ነው፤ ለታመመ ሰው ሁለቱም ያቀላሉ። የንስሐ አባቷን ወይም ሼኩን ጠይቁ። አጥሚት በወተት፣ እንቁላል፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ብቻ ለሳምንት ምንም ያልቀመሰን ሰው በአንድ ቀን አታጥግቡት፤ በደሙ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ምግብ የሚያስጀምረው ሐኪም ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ «አባቴ ተመዝኖ አያውቅም፣ የስድስት ወሩን ኪሎ ከየት ላምጣ?» ቀበቶውን ይዘህ ና። አሮጌው ቀዳዳ ሰፍቶ፣ አዲሱ በምስማር ተበስቶ ታገኘዋለህ። በመካከላቸው ስንት ጣት እንደሆነ ለሐኪሙ አሳየው።