መደርደሪያው በሙሉ ለጀማሪ ሐያስያን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አርታኢያን፣ ደራስያንና ሠዓልያን፣ በተለይም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራችሁን የተቀመጣችሁ ወጣት ሐያስያን፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት እጃችሁ ስለገባ አላነበውም፤ ጠዋት ላይ ሪፖርት ሲነበብለት ደስ የሚለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ያለችኝን ጥቂት ደቂቃ ከልዩ ልዩ ባህልና ቋንቋ በመጡ ጀማሪ ሐያስያን ጉዳይ ላይ ላውላት።

ደራሲዋ ሮክሳን ጌይ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ቆጠራ፣ ኒውዮርክ ታይምስ በ2011 ከዳሰሳቸው 742 መጻሕፍት 655ቱ የነጭ ደራስያን ነበሩ። ይህ ማን እንደሚዳሰስ ይነግረናል። ማን እንደሚዳስስ ደግሞ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2018 አሳይተዋል፤ በ2017 ከፍተኛ ገቢ ባስገቡ መቶ ፊልሞች ላይ የተጻፉ ከ19 ሺሕ የሚበልጡ ግምገማዎችን መርምረው፣ 82 በመቶ ያህሉ በነጭ ሐያስያን የተጻፉ መሆናቸውን አገኙ። ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

መፍትሔ የሞከሩ አልጠፉም። በእንግሊዝ ገጣሚዎቹ ሳንዲፕ ፓርማርና ሣራ ሃው በ2017 የጀመሩት የሌድበሪ መርሐ ግብር ጀማሪ የግጥም ሐያስያንን ልምድ ካላቸው ጋር እያገናኘ አሠልጥኗል። በር መክፈት እንደሚቻል ታይቷል ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከገቡ በኋላ የሚሰጣቸው ወንበር ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። አንዲት ወጣት ከምታውቀው ማኅበረሰብ የወጣ ልቦለድ እንድትዳስስ ተጋበዘች። ታሪኩ እስከ አጋማሹ እንደሚይዝ፣ ከዚያ በኋላ ግን ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን ትቶ ራሱ መስበክ እንደሚጀምር ጽፋ፣ ከየምዕራፉ ማስረጃ ጠቅሳ ላከች። አርታኢው ያንን አንቀጽ ሰርዞ «የሠርጉን ሥርዓት ለአንባቢ ብታብራሪልን» የሚል ማስታወሻ ጻፈላት። ልጅቷ የተጠራችው ለሂስ ነበር፤ የተፈለገችው ግን ለአስጎብኚነት ኖሯል።

ባህሉን ማወቅ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ አያት የሐዘን ልብስ ለብሳ ሠርግ ላይ ስትጨፍር ብትሣል፣ ሌላው ሐያሲ ቀለሙን አድንቆ ያልፋል፤ ባህሉን የሚያውቀው ግን ገጹ ላይ ቆም ይላል። ይህ ዓይን በጥናት ብቻ ቶሎ አይገኝም። ነገር ግን ዕውቀቱ የሂሱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አወቃቀሩ፣ ቋንቋው፣ የሥዕሉ አሰላለፍ አሉ።

ሌላው ፈተና ይሉኝታ ነው። ገና ድምፁ መሰማት ከጀመረ ማኅበረሰብ የወጣን ደካማ መጽሐፍ ደካማ ማለት ለወጣት ሐያሲ ከባድ ነው፤ የገዛ ወገኖቹ «እኛኑ ታዋርደናለህ?» ይሉታል፣ ውጭ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ ያጨበጭባል። በእኔ አስተያየት ይህ ጭብጨባ ከንቀት ብዙም አይለይም። ደራሲውን እንደ ጸሐፊ የሚያከብረው ጉድለቱን ገጽ ጠቅሶ የሚያሳየው ሰው ነው። ወጣቶቹ እንዲህ ሲጽፉ ከጎናቸው የሚቆም አርታኢ ያስፈልጋቸዋል፤ ቁጣው ሲመጣ ስልኩን የሚያጠፋ አይደለም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚኖረን ውይይት ላይ አርታኢያን አባሎቻችንን አጥብቄ የምጠይቀው አለ። ለእነዚህ ወጣቶች «የእናንተ» የምንላቸውን መጻሕፍት ብቻ አንላክላቸው። የዓመቱን ትልቅ ልቦለድ፣ የታሪክ መጽሐፉን፣ ዐውደ ርዕዩን፣ ቴአትሩንም እንስጣቸው፤ ሌላውም የእነርሱን ወገን ሥራ ተጨንቆ አንብቦ ይዳስስ። ክፍያውም እንደ ነባሮቹ ይሁን። «ስምህ ይወጣልሃል» እየተባለ የሚጻፍ ዳሰሳ የቤት ኪራይ ችግር የሌለበትን ብቻ ነው ሙያው ውስጥ የሚያቆየው፤ ያ ደግሞ ከላይ ወደጠቀስኳቸው ቁጥሮች ይመልሰናል። የተሰረዘ አንቀጽም ቢኖር ምክንያቱ ለጸሐፊው ይነገረው።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዚህ ላይ ያዘጋጀው የውሳኔ ሐሳብ በሁለተኛው የውይይት ክፍለ ጊዜ ይቀርባል። የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ፣ በሻይ ሰዓት ብቻ አይሁን።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።