የሚከፍለው ነጋዴ ድምፅ ይኑረው
በኦክላንድ ከተማ ለሚነግዱ የኢትዮጵያ ተወላጆች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህች ከተማ ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ የሸቀጥ መደብርና ፀጉር ቤት ከፍታችሁ የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ሱቃችሁን ዘግታችሁ ወይም ለሠራተኛ አደራ ሰጥታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው የመንገዳችንን ጽዳት፣ መብራትና ገበያ ለማሻሻል ከንግድ ቤቶች በሕግ ስለሚሰበሰብ ዓመታዊ መዋጮ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፤ መዋጮውን እደግፋለሁ፤ የምደግፈው ግን የሚከፍለው ነጋዴ ራሱ ድምፅ የሚሰጥበት ሆኖ ከተቋቋመ ነው።

አሠራሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በቶሮንቶ ከተማ ብሎር ዌስት ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር የሚነግዱ ሰዎች፣ ደንበኞቻቸው ወደ ትላልቅ የገበያ ማዕከሎች ሲሄዱባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የአካባቢው ነጋዴ ሁሉ የሚከፍልበትን የመጀመሪያውን የንግድ ማሻሻያ ወረዳ አቋቋሙ። ገንዘቡ በከተማው አስተዳደር በኩል ይሰበሰባል፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚያቅዱት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው።

«በፈቃደኝነት ብናዋጣ አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኛ እድርን ያህል የመዋጮ ባህል ይዘን የመጣን ሰዎች ነን። ነገር ግን እድር የሚጸናው ያልከፈለ ሰው አገልግሎቱን ስለማያገኝ ነው። መንገድ ላይ የተሰቀለ መብራት ግን ላዋጣውም ላላዋጣውም እኩል ያበራል፤ የታጠበ የእግረኛ መንገድም ደንበኛን ወደ ሁሉም በር ያደርሳል። ስለዚህ በፈቃድ የተጀመረ መዋጮ ዓመት ሳይሞላው በጥቂት ቅን ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ሲደክማቸው ይቆማል። የግዴታው ምክንያት ይኸው ነው፤ እኔም ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በካሊፎርኒያ ለዚህ ሥራ በይበልጥ የሚያገለግሉ ሁለት ሕጎች አሉ፤ ዛሬ በጥንቃቄ እንድትለዩልኝ የምለምናችሁም እነዚህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው በሕንፃና በመሬት ባለቤቶች ላይ ክፍያ ለመጣል ነው። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚነግዱበት በቴሌግራፍ ጎዳና፣ ቴሜስካል ሰፈር ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ወረዳ የዚህ ዓይነት ነው። ክፍያው ከንብረት ግብር ጋር ስለሚመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የካሊፎርኒያ መራጮች ባጸደቁት ፕሮፖዚሽን 218 በተባለው ሕግ መሠረት የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚላከው ለንብረቱ ባለቤት ነው፤ ድምፁም የሚመዘነው በሚከፍለው ዶላር መጠን ነው። ተከራዩ ነጋዴ በዚህ ውሳኔ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ብዙዎቻችን የፈረምነው ውል «ትሪፕል ኔት» የሚባለው፣ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ተከራዩ የሚሸፍንበት ስለሆነ፣ ክፍያው ዞሮ ዞሮ ከእኛ ካዝና ይወጣል። አከራዩ ድምፅ ሰጥቶ ተከራዩ የሚከፍልበት ሥርዓት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሕግ ክፍያውን የሚጥለው በቀጥታ በንግድ ቤቱ ላይ ነው። እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ ሮክሪጅና ሞንትክሌር የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። የከተማው ምክር ቤት ወረዳውን ለማቋቋም ማሰቡን በውሳኔ ያስታውቃል፤ ለነጋዴዎች ማስታወቂያ ይላካል፤ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ይካሄዳል። በጽሑፍ የተቃወሙት ነጋዴዎች ድርሻ ከጠቅላላው መዋጮ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዕቅዱ ይቆማል፤ ለአንድ ዓመትም ዳግም ሊነሳ አይችልም። ከተቋቋመ በኋላም ስለ መዋጮው አጠቃቀም ምክር ቤቱን የሚያማክረው ቦርድ በየዓመቱ በጀቱንና ሥራውን የሚገልጽ ሪፖርት ያቀርባል። እንደ ንግዱ ዓይነትና እንደ ቦታው የተለያየ ተመን ማውጣት ይፈቀዳል፤ አዲስ የተከፈተ ንግድ እስከ አንድ ዓመት ከክፍያ ነፃ ሊደረግም ይችላል። ባንክና አንድ ወንበር ያለው ፀጉር ቤት እኩል እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚህ ሕግ ያልተቃወመ ሰው ዕቅዱን እንደሚቃወም አይቆጠርም። ከከተማው የሚመጣው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማስታወቂያ መስሎን ሳንከፍተው የምንጥለው ከሆነ፣ ዝምታችን ለሌሎች ውሳኔ መንገድ ይከፍታል። ማንም ይሁን ማን፣ ዕቅዱን የሚደግፍም የሚቃወምም፣ ደብዳቤውን ያንብብ፤ ያልገባውንም ይጠይቅ።

ገንዘቡ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራም በሐቅ እንነጋገር። ስልሳ ንግድ ቤቶች ያሉበት መንገድ እያንዳንዱ በአማካይ 300 ዶላር ቢከፍል በዓመት 18,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የሙሉ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛ አያስቀጥርም፤ መስኮታቸው ለተሰበረባቸው፣ ማታ ሠራተኛቸውን ብቻዋን ለመላክ ለሚፈሩ ወገኖች የተሟላ መልስ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን የበዓል መብራት ይሰቅላል፤ የእግረኛውን መንገድ በዓመት ጥቂት ጊዜ በግፊት ውኃ ያሳጥባል፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞን የአንድ ቀን የጎዳና ገበያ ወጪ ያግዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ መንገድ መብራትና ስለ ቆሻሻ ወደ ከተማው ስንሄድ፣ እንደ ተበታተነ አቤቱታ አቅራቢ ሳይሆን በጀትና ቦርድ እንዳለው አካል እንድንሰማ ያደርገናል። እኔ ለዚህ የመጨረሻው ጥቅም ብቻ እንኳ ብከፍል አይቆጨኝም።

«ግብር ከፍለን የለም ወይ?» ለሚሉ ሰዎች ቅሬታቸው እውነት አለው። ስለዚህ ከተማው ዛሬ የሚሰጠውን የጽዳትና የጥገና አገልግሎት በመዋጮው ምክንያት እንዳይቀንስ በጽሑፍ ቃል እንዲገባ መጠየቅ አለብን። ይህ ቃል ሳይገኝ ወደ ፊት መሄድን አልመክርም።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወረዳ ባለበት መንገድ የምትነግዱ፣ የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ መዋጮው በእናንተ ላይ መተላለፉን አረጋግጡ፤ ተላልፎ ከሆነ ወረዳው በሚቀጥለው ጊዜ ሲታደስ ለተከራዮች የቦርድ ወንበር እንዲሰጥ ከአከራያችሁና ከወረዳው አስተዳደር ጋር ተነጋገሩ። ወረዳ በሌለበት መንገድ የምትነግዱ ደግሞ፣ የንግድ ቤቶቹን ዝርዝርና የሚሻለውን ተመን የሚያጠና ኮሚቴ ዛሬ ከመካከላችሁ ምረጡ። ስማችሁን የምትመዘገቡበት ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ለጥያቄዎቻችሁም አሁን ዝግጁ ነኝ።